ቪፒኤኑ ተገናኝቶ የቢሮው ድራይቭ አልከፈት ሲል፦ ከቤት ሆኖ ችግሩን ደረጃ በደረጃ ማግኛ

ቪፒኤኑ፣ ማለትም ከቤት ሆነው ወደ ቢሮው ኔትወርክ የሚያስገባዎት መስመር፣ «ተገናኝቷል» ይላል። ዩቲዩብም ይከፈታል። የቢሮው ዜድ ድራይቭ ላይ ግን ቀይ ኤክስ ተለጥፎበታል፤ ሲጫኑት ጥቂት ያስብና «የኔትወርክ መንገዱ አልተገኘም» ብሎ ያርፋል። ከፒያሳ እስከ ስታዲየምና ሜክሲኮ ባሉ ትንንሽ ቢሮዎች የሒሳብ ሠራተኛውም ዲዛይነሩም አንዳንድ ቀን ከቤት መሥራት ከጀመሩ ወዲህ፣ ደጋግሜ የምጠየቀው ይህንኑ ነው። ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያደርገው ድራይቩን ሰርዞ እንደገና መፍጠር ነው። እኔ ግን ይህን የመጨረሻ ሥራ ያድርጉት እላለሁ። ድራይቩ ብዙ ጊዜ ጤነኛ ነው፤ የተቋረጠው ከእሱ በፊት ያለ ነገር ነው። ቸኩለው ሲሰርዙት ደግሞ የትኛው እንደተቋረጠ የሚነግርዎትን ምልክት አብረው ያጠፋሉ።

ለምሳሌ ያህል አንድ አቀማመጥ እንያዝ። ቤትዎ ልደታ ኮንዶሚኒየም ነው፤ ቢሮው ሜክሲኮ አካባቢ። ቢሮ ያለው የፋይል ሰርቨር አድራሻው 192.168.50.10 ነው፤ ቪፒኤኑ ሲገናኝ ላፕቶፕዎ በ10.8.0 የሚጀምር አድራሻ ያገኛል። ላፕቶፑ ዊንዶውስ 10 ወይም 11 ነው። ቁጥሮቹን በራስዎ ይተኩ። ትዕዛዞቹን እንደ አነባበባቸው ጽፌአቸዋለሁ፤ ኮምፒውተሩ ላይ የሚተየቡት ግን በእንግሊዝኛ ፊደል ነው።

መጀመሪያ የስህተት ቁጥሩን ይያዙ

ስታርት ላይ «ሲኤምዲ» ብለው ኮማንድ ፕሮምፕትን ይክፈቱ። እንደ አድሚኒስትሬተር አይክፈቱት፤ በአድሚኒስትሬተር መስኮት የተፈጠረ ድራይቭ በተራው የፋይል መስኮት ላይ አይታይም፤ «ፈጠርኩት፣ ግን የለም» የሚያሰኘው አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ከዚያ «ኔት ዩዝ» ብለው ኢንተር ይጫኑ። ድራይቮቹ ከነሁኔታቸው ይዘረዘራሉ። ቀጥሎ ሰርቨሩን በአድራሻው፣ ፊደል ሳይሰጡ ይጥሩት፦ «ኔት ዩዝ \\192.168.50.10\ሒሳብ»፤ «ሒሳብ» ባልኩበት የእርስዎን ሼር፣ ማለትም ሰርቨሩ ላይ የተጋራውን ፎልደር፣ ስም ያስገቡ።

ካልሠራ ቁጥር ይሰጥዎታል። 53 ከሆነ ላፕቶፑ ሰርቨሩ ጋ አልደረሰም፤ 0x80070035 የሚለው ረጅም ቁጥርም ያው 53 ነው። 67 ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ የሼሩ ስም ተሳስቷል፤ አንድ ፊደል ወይም አንድ ባዶ ቦታ ይበቃል። 5 ሰርቨሩ አውቆዎት ፈቃድ የነፈገዎት ነው። 86 እና 1326 የፓስወርድ ወይም የዩዘርኔም ጉዳይ ናቸው። 1219 በአንድ ጊዜ በሁለት ስም ወደ አንድ ሰርቨር ለመግባት እየሞከሩ ነው ማለት ነው። 85 ደግሞ የድራይቩ ፊደል ተይዟል ነው፤ ሌላ ፊደል ይምረጡ፣ አለቀ። ቁጥሩን ወረቀት ላይ ይጻፉት። 5፣ 86፣ 1326 ወይም 1219 ካገኙ መንገዱ ደህና ነውና ወደ «ማንነት» ክፍል ይዝለሉ። 53 ያገኘ ሰው ግን በተራ ይሂድ።

መብራትና ሰዓት

ቢሮው መብራት ሄዶ ተመልሶ እንደሆነ ጥበቃውን ወይም ጸሐፊዋን ደውለው ይጠይቁ። ራውተሩ መብራት ሲመጣ ራሱ ይነሣል፤ ስለዚህ ቪፒኤኑ ይገናኛል። ሰርቨሩ ግን ማብሪያውን የሚጫነው ሰው እየጠበቀ ሊሆን ይችላል። ይህን ለዘለቄታው ለመፍታት የሰርቨሩ ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሣቱ በፊት የሚከፈተው ማስተካከያ) ውስጥ መብራት ሲመለስ በራሱ እንዲነሣ የሚያደርገውን አማራጭ ይፈልጉ፤ በብዙ ማዘርቦርዶች ላይ «ኤሲ ፓወር ሎስ» በሚል ስም ነው የሚገኘው። እሱን «ፓወር ኦን» ያድርጉት። ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚያቆይ ባትሪ) ካለ ደግሞ ሰርቨሩ ብቻ ሳይሆን ራውተሩና ስዊቹም እሱ ላይ ይሰኩ።

ቪፒኤኑ ራሱ ከመብራት በኋላ አልገናኝ ካለ የቢሮው የውጭ አይፒ (ኢንተርኔት ላይ የሚታወቅበት አድራሻ) ተቀይሮ ይሆናል፤ ቋሚ አይፒ ያልተገዛለት መስመር ራውተሩ ሲነሣ አዲስ ሊሰጠው ይችላል። ወይ ቋሚ አይፒ በክፍያ መውሰድ፣ ወይ ራውተሩ ላይ ዳይናሚክ ዲኤንኤስ (ተለዋዋጩን አይፒ ከአንድ ቋሚ ስም ጋር የሚያያይዝ አገልግሎት) ማዋቀርና ቪፒኤኑን በቁጥር ሳይሆን በስም ማገናኘት ያስፈልጋል።

ሰዓቱን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ክብ ባትሪ፣ ሲአር2032 የምትባለው፣ ስትደክም መብራት በሄደ ቁጥር ኮምፒውተሩ ቀኑን ይረሳል። ሌላው የእኛው ሀገር ጉዳይ ነው፦ ሰዓቱን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ለማንበብ ብሎ ስድስት ሰዓት የቀነሰ፣ ዓመቱንም 2017 ወይም 2018 ብሎ የሞላ ኮምፒውተር አጋጥሞኛል። ሰርተፍኬት የሚጠቀም ቪፒኤን እንዲህ ያለውን ላፕቶፕ «ሰርተፍኬቱ ገና አልጸናም» ብሎ ይመልሰዋል። ዶሜይን ባለበት፣ ማለትም የሁሉም ሠራተኛ መግቢያ በአንድ ሰርቨር በሚተዳደርበት ቢሮ ደግሞ ከአምስት ደቂቃ በላይ የሰዓት ልዩነት መግቢያውን ያበላሻል። የሰዓት ክልሉን ናይሮቢ በሚለው፣ ማለትም ዩቲሲ+03:00 ላይ ያድርጉና ሰዓቱ ከኢንተርኔት በራሱ እንዲስተካከል ይተዉት። የኢትዮጵያን ሰዓት ከግድግዳው ሰዓት ያንብቡ።

የቤትና የቢሮ አድራሻ ሲጋጭ

ከቤት ሲሠራ ብቻ የሚመጣው ችግር በእኔ ግምት ከሁሉ በላይ የሚነሣው ከዚህ ነው፤ ስለዚህ ረጋ ብለን እንየው።

እያንዳንዱ የቤት ራውተር ከፋብሪካ ሲወጣ የውስጥ አድራሻ ይዞ ይወጣል። ብዙ የዜድቲኢ ሞደሞች 192.168.1.1 ናቸው፤ የሁዋዌ የፋይበር ሳጥኖች በብዛት 192.168.100.1፤ ቲፒ-ሊንክ 192.168.0.1 ወይም 192.168.1.1። ቢሮውም በጊዜው ሞደሙን ከካርቶን አውጥቶ እንዳለ የሰካ ከሆነ፣ ቤትዎም ቢሮውም ሁለቱም 192.168.1 ላይ ይሆናሉ። አሁን ላፕቶፑ 192.168.1.10ን ፈልግ ሲባል ይህ ቁጥር የራሱ ሰፈር መስሎ ስለሚታየው ቪፒኤኑን አያይም፤ ልደታ ቤትዎ ውስጥ ይፈልገዋል። እዚያ ደግሞ ያለው ስማርት ቲቪው ነው፣ ወይም ማንም የለም። ቪፒኤኑ የቱንም ያህል ጤነኛ ቢሆን ፋይሉ አይገኝም።

ለማረጋገጥ ቀላል ዘዴ አለ። ዋይፋዩን ያጥፉና ላፕቶፑን በስልክዎ ሆትስፖት ያገናኙ፤ ከዚያ ቪፒኤኑን ከፍተው ይሞክሩ። የስልክ ሆትስፖት አድራሻው የተለየ ስለሆነ፣ በዚህ ከሠራና በዋይፋይ ካልሠራ ጥፋተኛው ግጭቱ መሆኑ በጣም ያመዝናል። «አይፒኮንፊግ» ብለው የዋይፋዩን አድራሻ ሦስት የመጀመሪያ ቁጥሮች ከቢሮው ጋር ቢያስተያዩም ይኸው ይገለጥልዎታል።

መፍትሔው ከሁለቱ አንዱን መቀየር ነው። መቀየር ያለበት ቢሮው ነው ብዬ አምናለሁ፤ ቢሮው አንድ ነው፣ የሠራተኞች ቤት ግን ብዙ ነው። ለቢሮው ከፋብሪካ የማይመጣ ቁጥር ይምረጡ፤ በምሳሌያችን 50 ያልነው ለዚህ ነው። ግን በሥራ ሰዓት አይሞክሩት፤ ቋሚ አድራሻ የተሰጣቸው ፕሪንተሮች፣ የካሜራ መቅጃውና የጣት አሻራ ማሽኑ አንድ በአንድ መቀየር አለባቸው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ይመረጣል።

ቢሮው እሺ ካላለ ቤትዎን ይቀይሩ። ብሮውዘር ላይ የራውተሩን አድራሻ ጽፈው ይግቡ፤ መግቢያው ከጀርባው ወይም ከሥሩ ባለው ወረቀት ላይ ተጽፏል። ላን የሚለውን ክፍል ይፈልጉ፣ አድራሻውን ለምሳሌ 192.168.77.1 ያድርጉት፣ የዲኤችሲፒ (ራውተሩ ለመሣሪያዎች የሚያድላቸው አድራሻዎች) መጀመሪያና መጨረሻ ቁጥሮችም በ77 ውስጥ መሆናቸውን ይዩና ሴቭ ያድርጉ። ራውተሩ ሲነሣ ገጹ የሚከፈተው በአዲሱ አድራሻ ነው። የቤት ሰው ዋይፋይ ለጥቂት ደቂቃ ስለሚቋረጥበት አስቀድመው ይንገሩ።

መንገዱ ክፍት መሆኑን መፈተን

ግጭት ከሌለ «ፒንግ 192.168.50.10» ይበሉ። መልስ ከመጣ ጥሩ። ካልመጣ ግን ተስፋ አይቁረጡ፤ ብዙ ሰርቨር ፒንግን በፋየርዎል (ያልተፈቀደ ግንኙነትን በሚያግድ ዘብ) ዘግቶ ፋይል ይሰጣል። ሐቀኛው ፈተና በር ቁጥር 445 ነው፤ የዊንዶውስ ፋይል መጋራት የሚያልፈው በዚያ ነው። ፖወርሼልን ይክፈቱና «ቴስት-ኔትኮኔክሽን 192.168.50.10 -ፖርት 445» ብለው ይጻፉ። የመጨረሻው መስመር ትሩ ካለ በሩ ክፍት ነው። ፎልስ ካለ ከሦስት አንዱ ነው።

አንደኛው ላፕቶፑ ወደ ቢሮው የሚወስደውን መንገድ አለማወቁ ነው። በዊንዶውስ የራሱ ቪፒኤን ላይ፣ የቤት ኢንተርኔት እንዳይንቀራፈፍ ተብሎ «የሩቁን ኔትወርክ ጌትዌይ ተጠቀም» የሚለው ምልክት ብዙ ጊዜ ይነሣል። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ሆኖም ያኔ ላፕቶፑ የሚያውቀው በ10 የሚጀምሩ አድራሻዎችን ብቻ ይሆናል፤ 192.168.50 የሚለውን ሲያይ ወደ ኢንተርኔት ይልከዋል። ለሙከራ ምልክቱን ይመልሱት፤ ከሠራ፣ ምልክቱን እንደገና አንሥተው በፖወርሼል «አድ-ቪፒኤንኮኔክሽንራውት» በሚለው ትዕዛዝ 192.168.50.0/24ን (በ192.168.50 የሚጀምሩትን ሁሉ ማለት ነው) ለቪፒኤኑ ያስመዝግቡ። ቪፒኤንዎ ኦፕንቪፒኤን ወይም ዋየርጋርድ የተባለው ፕሮግራም ከሆነ ይህ ቁጥር በኮንፊግ ፋይሉ ውስጥ መኖሩን ይዩ።

ሁለተኛው የሰርቨሩ ፋየርዎል ነው፤ ብዙ አይቲ ሠራተኛ የሚያልፈው ቦታ ይህ ይመስለኛል። ዊንዶውስ ፋይል መጋራትን ሲፈቅድ፣ ዶሜይን በሌለበት ቢሮ፣ የሚፈቅደው ለ«ሎካል ሰብኔት»፣ ማለትም ለራሱ ኔትወርክ፣ ብቻ ነው። ቢሮ ውስጥ ያሉት ሁሉ ይገባሉ፤ በ10.8.0 የመጣው እንግዳ ግን በር ላይ ይቀራል። ሰርቨሩ ላይ የላቀውን ፋየርዎል መስኮት ይክፈቱ፣ ከኢንባውንድ ሕጎች «ፋይል ኤንድ ፕሪንተር ሼሪንግ፣ ኤስኤምቢ-ኢን» የሚለውን ሁለት ጊዜ ይጫኑ፣ «ስኮፕ» ወደሚለው ገጽ ይሂዱና በሩቅ አድራሻዎች ስር 10.8.0.0/24ን ይጨምሩ። ፋየርዎሉን ጠቅላላ ማጥፋት አያስፈልግም፤ ለሙከራ ብሎ አጥፍቶ የሚረሳው ብዙ ነው።

ሦስተኛው የመልስ መንገድ ነው። ቪፒኤኑ ራውተሩ ላይ ሳይሆን ቢሮ ውስጥ በሌላ ሣጥን ላይ የሚሠራ ከሆነ፣ ሰርቨሩ መልሱን ለማን እንደሚሰጥ አያውቅም። የቢሮው ራውተር ላይ «10.8.0.0/24 በዚያ ሣጥን በኩል» የሚል ስታቲክ ራውት ያስገቡ።

እዚህ ላይ አጥብቄ የምናገረው ነገር አለ። አንድ ሰው «ቪፒኤኑን ተወው፣ 445ን ራውተሩ ላይ ለውጭ ክፈተው» ቢልዎ እሺ አይበሉ። በግንቦት 2017 በፈረንጆች ዓለምን ያዳረሰው ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ የተሰራጨው በዚሁ በር፣ ኤስኤምቢ1 በተባለው የድሮ ፕሮቶኮል ድክመት በኩል ነው። የድርጅትዎ ሒሳብ ተቆልፎ ገንዘብ አምጡ ከሚባል፣ አንድ ቀን ቢሮ ድረስ በታክሲ መሄድ ይሻላል።

በቁጥር ይገባል፣ በስም አይገባም

ይህ አጭር ነው። ቢሮ ውስጥ ኮምፒውተሮች ስም የሚጠራሩት በጩኸት፣ ማለትም ለሁሉም በአንዴ በመጣራት፣ ነው፤ ጩኸቱ ቪፒኤን አያቋርጥም። ስለዚህ «\\ሰርቨር» የሚለው ሜክሲኮ ይሠራል፣ ልደታ አይሠራም። ወይ ድራይቩን በአይፒ ያድርጉት፣ ወይ ኖትፓድን እንደ አድሚኒስትሬተር ከፍተው «ሆስትስ» በተባለው ፋይል መጨረሻ 192.168.50.10 ብለው፣ ቦታ ትተው፣ የሰርቨሩን ስም ይጻፉ። ቢሮው የራሱ ዲኤንኤስ (ስምን ወደ አድራሻ የሚተረጉም ሰርቨር) ካለው ቪፒኤኑ ያንን ለላፕቶፑ እንዲሰጥ ማድረግ ከሁሉ ይሻላል።

ማንነት

ፓስወርድ ሲጠየቁ የላፕቶፑን ፒን አይስጡ። አራት ወይም ስድስት ቁጥር የሆነችው ፒን ለዚያ ላፕቶፕ ብቻ ናት፤ ሰርቨሩ አያውቃትም። ዩዘርኔሙን ደግሞ ብቻውን ሳይሆን ከሰርቨሩ ስም ጋር ያስገቡ፤ የሰርቨሩ ስም፣ \፣ ከዚያ ዩዘርኔሙ።

ቀድሞ ይሠራ የነበረ ነገር ፓስወርድ ከተቀየረ በኋላ እምቢ ካለ፣ ክሬደንሻል ማኔጀር ውስጥ «ዊንዶውስ ክሬደንሻልስ» በሚለው ስር የሰርቨሩን አሮጌ መግቢያ ፈልገው ያጥፉ። 1219 ሲመጣ «ኔት ዩዝ * /ዲሊት» ብለው ክፍት ግንኙነቶችን ይዝጉና በአንዱ ስም ብቻ ይግቡ፤ ድራይቩን መሰረዝ ትርጉም የሚኖረው እዚህ ነው። የዊንዶውስን ቪፒኤን የሚጠቀሙ ከሆነና የቪፒኤኑ ዩዘርኔም ከሰርቨሩ የተለየ ከሆነ ደግሞ፣ ዊንዶውስ ሳይጠይቅዎት የቪፒኤኑን ስም ለሰርቨሩ እያቀበለ ሊሆን ይችላል። የቪፒኤኑ መረጃ የተቀመጠበትን፣ በ«ፒቢኬ» የሚያልቀውን ፋይል በኖትፓድ ከፍተው «ዩዝራስክሬደንሻልስ=1» የሚለውን ወደ 0 ይቀይሩ።

ላፕቶፑ አዲስ ሆኖ የቢሮው ማከማቻ አሮጌ ናስ (በኔትወርክ ላይ ያለ የፋይል ማስቀመጫ ሣጥን) ከሆነ ሌላ ምክንያት አለ። ዊንዶውስ 10 በፈረንጆች ከ2017 መጨረሻ ጀምሮ ኤስኤምቢ1ን አብሮ አይጭንም። በፈረንጆች 2024 የወጣው የዊንዶውስ 11 24ኤች2 ስሪት ደግሞ በፕሮ ላፕቶፖች ላይ ያለ ፓስወርድ በእንግድነት መግባትን ከልክሏል። የሚያግዝዎት ሰው እነዚህን መልሶ ሊከፍትልዎ ይችላል፤ አይቀበሉት። ናሱን አፕዴት ያድርጉ፣ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ ዩዘርኔምና ፓስወርድ ይፍጠሩ።

ፎልደሩ ይከፈታል፣ ፋይሉ ግን ይቆማል

ዝርዝሩ ወዲያው ይመጣል፤ ትልቅ ኤክሴል ሲከፍቱ ግን ይደነዝዛል። ይህ የኢንተርኔት ድካም ብቻ ላይሆን ይችላል። ቪፒኤን በእያንዳንዱ የዳታ እሽግ ላይ የራሱን መጠቅለያ ስለሚጨምር፣ ትልልቆቹ እሽጎች በመንገዱ አያልፉም፤ ትንንሾቹ ያልፋሉ። «ፒንግ 192.168.50.10 -ኤፍ -ኤል 1392» ይበሉ። ካላለፈ ከ1392 በ10 በ10 እየቀነሱ እስኪያልፍ ይሞክሩ። ባለፈው ቁጥር ላይ 28 ይጨምሩ፤ 1322 ላይ ካለፈ 1350 ይሆናል። ይህን ቁጥር ዋየርጋርድ ከሆነ በኮንፊጉ ኤምቲዩ (የሚያልፈው ትልቁ እሽግ መጠን) ላይ ያስገቡ፤ ሳይነኩት 1420 ነው። ፒንግ የተዘጋበት ሰርቨር ከሆነ የቢሮውን ራውተር የውስጥ አድራሻ ፒንግ ያድርጉ።

ጠዋት ጠዋት የሚመጣው ቀይ ኤክስ

ዊንዶውስ ድራይቮቹን የሚፈልገው እርስዎ ኮምፒውተሩ ላይ እንደገቡ ነው፤ ቪፒኤኑ ያን ጊዜ ገና ነው። ኤክሱ የዚያ ሙከራ ውጤት ስለሆነ፣ ቪፒኤኑን ካገናኙ በኋላ ድራይቩን ሁለት ጊዜ ሲጫኑት ብዙ ጊዜ ይነሣል። ቢያሰለችዎ ኖትፓድ ላይ ሁለት መስመር ይጻፉ፦ በመጀመሪያው «ራስዲያል» እና የቪፒኤኑ ስም በጥቅስ ውስጥ፣ በሁለተኛው «ኔት ዩዝ ዜድ: \\192.168.50.10\ሒሳብ /ፐርሲስተንት:ኖ»። በ«ባት» የሚያልቅ ስም ሰጥተው ዴስክቶፕ ላይ ያስቀምጡት፤ ጠዋት እሱን ይጫናሉ። ፓስወርድ ግን ውስጡ አይጻፉ። ራስዲያል የሚሠራው ለዊንዶውስ የራሱ ቪፒኤን ብቻ ነው።

ድራይቩ ላይ የማይከፈት ነገር

ወርድ፣ ኤክሴልና ፒዲኤፍ በዚህ መንገድ ደህና ይሠራሉ። የፒችትሪ (የሒሳብ ፕሮግራም) ዳታና የአክሰስ (የዳታቤዝ ፕሮግራም) ፋይል ግን በቪፒኤን ላይ ባለ ድራይቭ አይክፈቱ። ዳታቤዝ ለአንዲት ደረሰኝ እንኳ ደጋግሞ ይመላለሳል፤ በዚያ መሃል ዋይፋዩ ብልጭ ብሎ ቢጠፋ ግማሹ ተጽፎ ግማሹ ይቀራል። በሰኔ መዝጊያ የተበላሸ ዳታ መጠገን ምን እንደሚመስል የሒሳብ ሰው ያውቀዋል። ለዚህ ሥራ ቢሮ ያለውን የራስዎን ኮምፒውተር በሪሞት ዴስክቶፕ በቪፒኤኑ ውስጥ ይክፈቱ፤ ፕሮግራሙም ዳታውም እዚያው ሜክሲኮ ይሆናሉ፣ ቤትዎ የሚደርሰው ምስሉ ብቻ ነው። መስመሩ ቢቋረጥ ሥራው እንደተከፈተ ይጠብቅዎታል። የቢሮው ኮምፒውተር ዊንዶውስ ፕሮ መሆን አለበት፤ ሆም ከውጭ አያስገባም። የሪሞት ዴስክቶፕን በር 3389ንም እንደ 445 ሁሉ ለውጭ አይክፈቱት።